ወንጌል ሳይነበብ ለመድረስ

የክረምት ትምህርት የሚባል ነገር በእኛ አገር አልነበረም። ሰኔ ሲጋመስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ ወደ አረምና ወደ በግ ይመለሳሉ፣ መምህራኑም ጃንጥላቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ይወርዳሉ። ባለፈው ዓመት ግን የጸጥታው ነገር ደፍርሶ የትምህርት ቤቱ በር አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ከረመ። ትንሽ ረጋ ሲል "ማካካሻ" የሚል ቃል መጣ። ልጆቹ በጋውን ሙሉ ያጡትን በሐምሌና በነሐሴ ይማሩታል፣ ስምንተኛ ክፍሎችም ክልላዊ ፈተናቸውን እዚያው ክረምት ላይ ይፈተናሉ ተባለ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቅሁ። የመንዝ ሐምሌ እኮ ጉሙ በር ከፍቶ ገብቶ ከሰው ጋር እሳት የሚሞቅበት ወር ነው።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። የመጀመሪያ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ይህ ፈተና ካመለጣት አንድ ዓመት ደግሞ ቤት ልትቀመጥ ነው፤ ቤት የተቀመጠች ልጅ ምን እንደምትሆን ከጎረቤት እያየሁ ነው። አንዷ ተዳረች፣ አንዷ ዓረብ አገር ሄደች። አዲስ አበባ ያለች የባለቤቴ ዘመድ በየበዓሉ እየደወለች፣ ለቤት ሥራ የምታግዘኝ ልጅ ላኩልኝ ትላለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልጄ ከቤት ትወጣለች። ስለዚህ ሐምሌም ቢሆን፣ በረዶም ቢወርድ ትማር አልኩ።

ባለቤቴ ቄስ ነው። በሰው ፊት "አንቱ" እለዋለሁ፤ ስቆጣ "አንተ" ይመጣል፣ መቆጣቴንም በዚያ ያውቀዋል። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ስለተማርኩ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። አፌም ስለማያርፍ ይሆናል። ስብሰባ ላይ አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር ከወንዶቹ አንዱ "አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" ይላል። የቄስ ሚስት መሆኔ ተረቱን አጣፈጠላቸው።

ርዕሰ መምህሩ ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣ ወጣት ነው። ብርዳችንን ዛሬም አልለመደውም፤ ሁለት ጋቢ ደርቦ ያስተምራል። ትጉህነቱን ግን ማንም አይክደውም። የክረምቱን ሥራ በሙሉ ደልድሎ አስቀመጠው። ሒሳቡ፣ እንግሊዝኛው፣ የችግኝ ተከላው፣ ትልልቆቹ ልጆች ከላይ ከጓሳ ተራራ በተሸከሙት ሣር የመምህራኑን ቤት ጣሪያ መጠገኑ፣ ሁሉም ቀን ቀን ተሰጠው። ለወላጅ የሚነገረውን ማሳሰቢያ ደግሞ እየጻፈ ለባለቤቴ ይሰጠዋል፣ ባለቤቴም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያነበዋል። ወላጅ ሁሉ ባንድ ቦታ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው።

ማሳሰቢያው ብዙ ነበር። የዝናብ ልብስ የሌለው ልጅ ፕላስቲክ ይደርብ፣ ልጅ ለአረም ተብሎ አይቅር፣ ወንዙ ሞልቶ ልጆች ትምህርት ቤት ቢያድሩ የሚለብሱት ባና ከየቤቱ ይምጣ። ባና የምንለው ከበጎቻችን ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ከእኔ ቤትም አንዱ ሄዷል። አንድ እሁድ ደግሞ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ወደ ትምህርት ቤት አይላክ የሚል ተነበበ። ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና ሕዝቡ ሳቀ፤ ያነበበው ባለቤቴም ሳቀ። በፍልሰታ እዚህ አገር ቁርስ የሚበላ ልጅ የለም። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ አፋቸውን ያልፈቱት ሳይቀሩ ይቆርባሉ።

በመንደራችንና በትምህርት ቤቱ መካከል ወንዝ አለ። ድልድይ የለውም፤ የምንሻገረው መልካው ላይ፣ ውሃው ሰፍቶ ድንጋዩ በሚታይበት ቦታ ነው። በበጋ በግ ይዘለዋል። የክረምት ተንኮሉ እኛ ጋ ሳይዘንብ መሙላቱ ነው። ዝናቡ ጓሳ ላይ ይወርድና እኛ እዚህ ፀሐይ እየሞቅን ጎርፉ ይመጣል። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ" የተባለው ይህን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ተናግሮት መሆን አለበት።

ለዚህም መላ አበጅተን ነበር። ከጓሳ ሣር የተገመደ ወፍራም ገመድ አለን። ጠዋት ውሃው ዝቅ ስለሚል ልጆቹ ራሳቸው ይሻገራሉ፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሲመለሱ ግን አንድ ባለተራ አባወራ ወርዶ ገመዱን ይወጥርና እያስያዘ ያሻግራቸዋል። ሐምሌን እንዲህ አድርገን አለፍነው። የአንድ ልጅ እግር እንኳ አልተጠለፈም።

ፍልሰታ ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ ወንጌል ሳይነበብ ያልደረሰ ደግሞ አይቆርብም። አሥር ሰዓት የሚለቀቅ ልጅ ቁርባን አለፈው ማለት ነው። ወላጅ አጉረመረመ። ባለቤቴ ለርዕሰ መምህሩ ነገረው፣ ወጣቱም ሳያንገራግር በማለዳ ጀምሬ ቀትር ላይ እለቃቸዋለሁ አለ። እሁድ ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ሴቶቹ እልል አሉ። እሱም በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ፤ የልጆቹን ቁርባን ያተረፈላቸው እሱ ነዋ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልታየም። ልጆቹ አሁን መልካው ላይ የሚደርሱት ሕዝቡ ሁሉ ቅዳሴ በቆመበት ሰዓት ነው። ባለተራውም ከሕዝቡ አንዱ ነውና ቅዳሴ ላይ ነው። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ሰው ያስተውለው ነበር። እዚህ ግን በፍልሰታ ቀትር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የት ይገኛል ብሎ የሚያስብ ስለሌለ ባዶውን የቀረውን መልካ ያየ የለም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃው ዝቅ ብሎ ሰነበተና ልጆቹ እየዘለሉ መጥተው ቆረቡ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። እኔ የወር አበባዬ ላይ ስለነበርኩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ተቀምጬ አስቀድሳለሁ። ልማዳችን ነው፣ ቅር ብሎኝም አያውቅ። አጠገቤ ጎረቤቴ አለች፤ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ስላልሞላ እሷም አትገባም። የእሷ ትልቋ ልጅ አንደኛ ክፍል ናት፤ ከእኔዋ ጋር ነው የምትሄደውና የምትመለሰው።

ውስጥ የቆመ ሰው ዜማውን ነው የሚሰማው። እኛ ውጭ ያለነው ሌላም ሰማን። መጀመሪያ የመኪና ድምፅ መሰለኝ፤ ነገር ግን በዚያ በኩል የመኪና መንገድ የለም። ቀና ብዬ ወደ ጓሳ ባይ ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ጎረቤቴም ፊቴን አይታ ምን እንደሰማሁ ገባት። ልጇን እንደታዘለች ይዛ ተነሣች።

በዚያው መሐል ደወል ተደወለ፤ ወንጌል ሊነበብ ነው። ልጆቹ ደወሉን ማዶ መልካው ላይ ሆነው ሰምተውታል። በኋላ ሲናገሩ፣ ውሃው መደፍረሱን አይተናል፣ ደወሉን ስንሰማ ግን ሊያመልጠን ነው ብለን ፈራን አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ፣ ሁለት ጋቢ ከደረበ መምህር ፊት በርዷቸው የተቀመጡት ለዚያች ለቁርባን ነበር። ልጄ ትልቋ ስለሆነች እኔ ልቅደም አለች። የጎረቤቴን ልጅ አዘለቻትና ገባች።

እኛ ቁልቁል ስንሮጥ እሷ መሐል ደርሳ ነበር፤ የቀሩት ልጆች ማዶ ቆመዋል። ጎርፉ ሲመጣ አየሁት፤ ቡናማ ነው፣ ሣርና እንጨት ይዟል፣ አይቸኩልም። ልጄ አንዱን ትልቅ ድንጋይ አቀፈች። ውሃው ደረቷ ላይ ወጣ። ጀርባዋ ላይ ያለችው ትንሿ አንገቷን አንቃ ይዛታለች። ያኔ ነው እሪ ያልኩት። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፣ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ገመዱ ደጀ ሰላም ነው የሚቀመጠው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ። ተመልሶ ለማምጣት ጊዜ አልነበረም። መቀነቴን ፈታሁ። የአገራችን ሴት መቀነት ረጅም ነው፣ ወገብ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠመጠማል። ጎረቤቴም ሕፃኗን ሣሩ ላይ አስተኝታ የእሷን ፈታች፤ አራስ ስለሆነች የእሷ ከኔም ይረዝማል። ቋጠርናቸው። እሷ አንዱን ጫፍ ወንዙ ዳር ያለ የአስታ ዛፍ ግንድ ላይ ጠምጥማ ያዘች፣ እኔ በሌላው ጫፍ ድንጋይ አስሬ እስከ ወገቤ ገባሁ። ሁለት ጊዜ ወርውሬ ሳትሁ። በሦስተኛው ልጄ ያዘችው። ያዘችው ስል፣ ድንጋዩን መልቀቅ ነበረባት፤ ለቀቀችው። ውሃው አገላበጣቸው። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ጎረቤቴ እንደ በሬ ጎተትሽ ትለኛለች፣ እሷም መዳፏ ተልጦ ነበር። ወንዶቹ ከቅጥሩ ወጥተው ሲደርሱ አራታችንም ጭቃው ላይ ተዘርግተናል። የልጄ ቦርሳ ከነመጻሕፍቱ ሄዷል። ትንሿ አስመልሷት ታለቅሳለች፤ ማልቀሷ ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ከወጡት ወንዶች ውስጥ አልነበረም። እንደማይኖርም አውቄ ነበር። ቀዳሽ ቅዳሴ ከገባ ጨርሶ ነው የሚወጣው፤ ይህን እኔ የቄስ ሚስት ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው ነው? አውቃለሁ። ማወቄ ግን አንገቴን ከማዞር አላዳነኝም። ሰው በመጣ ቁጥር እሱ እንደሆነ አያለሁ።

ሲመጣ ልጄን በባና ጠቅልለን ካቡ ሥር አስቀምጠናታል። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። እሱ ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ፣ ነጠላውን በወጉ እንኳ ሳያጣፋ መጥቶ ፊቷ ቆመ። የሚናገረውን ሲያፈላልግ እሷ ቀደመችው።

"አባዬ፣ ውሃ ዋጥሁ። አልቆርብም አይደል?"

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ያንን ውሃ የዋጠችው እየሞተች ነው፤ እሷ የምትጠይቀው ጾሟ መፍረስ አለመፍረሱን ነው። እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት እሱ ነው። እኔም ነኝ።

በማግስቱ ባቄላ ስናርም፣ ሳልጠይቀው ተናገረ። ቀና አላለም፤ እያረመ ነው የነገረኝ።

"ድምፅሽን ለየሁት። ወንጌሉን ጀምሬ ነበር። አንዲት መስመር እንኳ አልዘለልኩም።"

አንዲቷን ብትዘላት ኖሮ ይቀለኝ ነበር አልኩት፤ "አንተ" ብዬ። ከዚያ አረሙን ትቼ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሟገት ነበር። ቢወጣ ኖሮ ቅዳሴው ይፈርሳል፣ ስሙም ከዚያች ቀን ጋር ይነሣል። ቢወጣም አይደርስም ነበር። ይህን ሁሉ ደርድሬ ስጨርስ ያው ንዴቴ ባለበት አለ። የሚወቀስ ሰው ያጣ ንዴት ይከፋል፤ ሄዶ የሚያርፍበት የለውም።

እሁድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ቀን ያልተናገረ አልነበረም። የደብሩ አለቃ፣ ባለተራው በቅዳሴ ሰዓት መልካው ላይ ይቁም፣ እዚያ የቆመ እንዳስቀደሰ ይቆጠርለታል አሉ። ይህ ደግ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የበላዮቹን ፈርቶ ነው መሰለኝ አዲስ ማሳሰቢያ ጽፎ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ በልጅ ላይ ለሚደርስ አደጋ ኃላፊው ወላጅ ነው ይላል። እኔ ይህ አይነበብ ብዬ ተነሣሁ። ዕለቱን ተረቱን የተረተብኝ የለም፤ ግን የሰማኝም የለም።

ባለቤቴ ሕዝቡ ፊት ቆሞ አነበበው። የዝናብ ልብሱን አነበበ፣ የባለተራውን አነበበ። "ኃላፊው ወላጅ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው ጽሕፈቱ የጠፋበት መስሎት ነበር። ወረቀቱን አጠፈና ይኸው ነው ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ልጄ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር፤ መሬት መሬት ነው ያየችው።

ከዚያ ወዲያ ልጄ አባቷን አልተሳለመችም። እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት መስቀሉን ያወጣና ልጆቹ በተራ ይስማሉ። እሷ እሱ መስቀሉን ሲያነሣ በግ ልታወጣ ትሄዳለች። አላኮረፈችም፣ ሲያዛት ትታዘዛለች፣ ውሃም ታቀርብለታለች። መስቀሉን ብቻ አትስምም። እሱ ጥቂት ቀን ጠበቃት፤ በኋላ እሷ ከቤት እስክትወጣ ድረስ መስቀሉን ከኪሱ ማውጣት ተወ።

ትምህርትም ቀረች። አልሻገርም አለች፤ ባለተራ ቢኖርም፣ ገመድ ቢኖርም። ብቆጣት፣ ብለምናት አልሆነም። ፈተናው የፍልሰታ መጨረሻ ሳምንት ነው። የአዲስ አበባዋ ዘመድ ደወለች፣ ልጄ በዚህ ጊዜ ከቤት አልወጣችም፤ ተቀምጣ አዳመጠች። ይህ ከወንዙ እኩል አስደነገጠኝ።

ያዳነን ያው የቆላ ሰው ነው። ማሳሰቢያውን የጻፈ ጊዜ ልረግመው ምንም አልቀረኝ ነበር። ከትምህርት በኋላ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሁለቱም ጋቢው ርሶ፣ ሌሎች መጻሕፍት በፕላስቲክ ጠቅልሎ እኛ ቤት መጣ። እሳት ዳር ተቀምጦ እየተንቀጠቀጠ ሒሳብ አስተማራት። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን፣ ትምህርቱን ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ፈተናውን ግን ይዤ መምጣት አልችልም አላት። ልጄም፣ እማዬ በመቀነቷ ከያዘችኝ እሄዳለሁ አለች። አባቷ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

የፈተናው ቀን ጠዋት ጉም ነበር። መልካው ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ቀድሞን ደርሷል፤ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ቆሟል። ተራው አልነበረም። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም። ገመዱን ሊዘረጋላት እጁን ሲያነሣ ልጄ አላየችውም፣ ወይም ያላየች መሰለች። የመቀነቴን ጫፍ እጇ ላይ ጠምጥማ በአጠገቡ አለፈች። እሱ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጥብቀሽ ያዢያት አለኝ።

አሻግሬያት ተመለስኩና ከእሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀትር ሲደርስ ይሄዳል ብዬ እጠብቃለሁ። ቄስ ከሆነ ጀምሮ የፍልሰታን ቅዳሴ አስታጉሎ አያውቅም። ጉሙ ተገፈፈ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ጓሳ በኩል ጠቆረ። ደወል ተደወለ። አልተነሣም። ከላይ ዜማው ተጀመረ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ለካ ከጎረቤት ደብር ቄስ ለምኖ በቦታው አስገብቷል፤ ለኔም አልነገረኝ። ዜማውን ሲሰማ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ጎርፉ የመጣው ተፈታኞቹ ማዶ ብቅ ከማለታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ባለቤቴ የገመዱን አንድ ጫፍ የአስታው ግንድ ላይ አሰረ፣ ሌላውን ወረወረላቸውና እዚያ ቋጥኝ ላይ አሰሩት። ከዚያ እሱ ራሱ ገባ፤ ልጄ ያቀፈችው ድንጋይ አጠገብ ውሃው ወገቡን ይዞት ቆመ። ልጆቹ አንድ በአንድ ገመዱን እየያዙ፣ እሱ እየተቀበላቸው ተሻገሩ። ልጄ ቀረች። ማዶ ቆማ ወደኔ ታያለች። መቀነቴን ፈትቼ አሳየኋት፤ እንደማይደርስ እሷም እኔም እናውቃለን።

ብዙ ቆየች። ውሃው እየጨመረ ነው። አባቷ ነይ አላላትም፣ አትፍሪም አላላትም፤ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከላይ ደወል ተሰማ፣ የወንጌሉ ነው። ልጄ ቀና ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየች፣ መልሳም እሱን አየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሷ ጀምራ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነው።

"አባዬ፣ ቅዳሴ አልገባም እንዴ?"

"ገብቷል" አላት።

ገመዱን ያዘችና ወደ ውሃው ገባች።